አባቴ ክኒኑን የማይውጥበት ምክንያት

ቢሄቪየራል ኢኮኖሚክስ ይሉታል፤ ሰው እንዴት እንደሚመርጥ፣ ለምንስ የሚጎዳውን እንደሚመርጥ የሚያጠና ትምህርት ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዬ እሱን ስማር የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ ያገኘሁት ከቤታችን ነበር። አባቴ የደም ግፊት አለበት፤ መድኃኒቱን ግን አይወስድም።

አባቴ ነፋስ ስልክ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ዕድሜውን ሙሉ ቶርኖ ላይ ብረት ሲቀርጽ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። መካኒሳ አቦ አብረን እንኖራለን። ጠዋት ጠዋት ታክሲ ይዞ ጎፋ ይሄድና ከድሮ የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ዳማ ሲጫወት ይውላል። "መድኃኒትህን ወሰድክ?" ስለው "አዎ" ይላል። ከወጣ በኋላ ሳየው ግን ክኒኑ እንዳለ ነው።

የተማርኩትን ልሞክርበት ተነሣሁ። መምህራችን ሰው የሚበጀውን እንዲመርጥ ነገሩን ዓይኑ ሥር ማስቀመጥ ብዙ ይረዳል ይለን ነበር። ክኒኑን ከጥርስ ብሩሹ አጠገብ አኖርኩለት፤ አንሥቶ መስኮቱ ላይ አደረገው። በየቀኑ የተከፋፈለች የመድኃኒት ሳጥን ገዛሁለት፤ ምስማርና ብሎን አጠራቀመባት። ስልኩ ላይ አላርም ሞላሁለት፤ ሲጮህ ያጠፋውና ጫማውን ማሰር ይጀምራል።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ።

"አባዬ፣ መሞት ነው የምትፈልገው?"

"ምንም አላመመኝም" አለ ሻዩን እያማሰለ።

"ግፊት እኮ ሳያምህ ነው የሚጥልህ።"

"እሺ፣ እወስዳለሁ።"

አላመንኩትም።

በዚያው ሰሞን አንድ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ የግፊት ታካሚዎችን መጠይቅ አስሞላ ነበር። መድኃኒት ለምን እንደሚያቋርጡ ስጠይቅ ሦስት ምርጫ ሰጥቻቸዋለሁ፦ ረስቼ፣ የዳንኩ መስሎኝ፣ ተወዶብኝ። አብዛኛው ሰው "ረስቼ" ላይ ምልክት አደረገ። ለሚረሳ ሰው ሳጥንና አላርም ይበቃዋል ብዬ ደስ አለኝ። ሆን ብሎ ሲተወው በዓይኔ እያየሁ፣ አባቴንም በልቤ ከሚረሱት መደብኩት።

ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ የአባቴን ግራጫ ሱሪ አጣሁት። ፈልጌ ፈልጌ አልጋው ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ አገኘሁት። ሽንት ሽንት ይሸታል። ይዤው ስገባ አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ክኒኑ ሽንት ያጣድፋል" አለኝ። "መንገድ ሲዘጋጋ ታክሲው ውስጥ ምን አደርጋለሁ? ለዚህ ነበር የተውኩት። ባለፈው ስትቆጪኝ ጊዜ ዋጥኩት።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ይሄ ለሴት ልጅ ይነገራል? ደግሞስ አንቺ 'ወሰድክ ወይ' ነው እንጂ 'ለምን አልወሰድክም' ብለሽኝ ታውቂያለሽ?"

ሱሪውን ይዤ ወጣሁና አጠብኩት።

ሰኞ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ አዳምጣው መድኃኒቱን ቀየረችለት፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። እኔ ስንት ወር ሙሉ ሳጥንና አላርም ሳመላልስ የከረምኩበት ነገር።

ለአማካሪዬ ስነግረው "የአንድ ሰው ታሪክ መረጃ አይሆንም፤ ጽሑፍሽን ጨርሺ" አለኝ። መጠይቄ ላይ "ሌላ ምክንያት" የሚል ባዶ ቦታ እንኳ እንዳልተውኩ አሳየሁት። "ማን ከለከለሽ?" አለ። ማንም አልከለከለኝም። ሰዎቹን እንደገና ልጠይቅ ብዬ ስደውል ብዙዎቹ ስልክ አላነሡም፤ ያነሡትም "ሞልተን ጨርሰን የለ እንዴ?" እያሉ ዘጉብኝ። የማስረከቢያው ቀን ደረሰ። ያንኑ "ረስቼ" የሚለውን ውጤት ይዤ አስገባሁት። አለፈ፤ ጥሩ ነጥብም ተሰጠው። ጥራዙን መደርደሪያው ላይ ባየሁት ቁጥር እናደዳለሁ።

አባቴ አዲሱን ክኒን ይወስዳል። እሑድ እሑድ ግን ይዘለዋል። አሁን ለምን ብዬ እጠይቀዋለሁ። "እሱን ተዪው" ነው የሚለኝ።