የባየች አፈር

አሰበ ተፈሪ ገበያ ላይ እንስራ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ያዳምጣል። የባየች እንስራ ጥርት ብሎ ስለሚጮኽ ይገዙታል። ሲከፍሉ ግን እጇን እንዳይነኩ ይጠነቀቃሉ፤ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት ይባላላ። እሷም ፊቷን ፈትታላቸው አታውቅም።

«ቀስ በል! የአባትህ በር መሰለህ እንዴ?» ትላለች።

በ1971 የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር ሲቋቋም፣ ወንዝ ዳር አፈር የምትቆፍርበት ጉድጓድ ተወረሰ። ሊቀ መንበሩ ብሩ፣ ጭቃ ነክቶ የማያውቅ ልብስ ሰፊ፣ «ወይ ማኅበር ግቢ፣ ወይ ጉድጓዱን እርሺው» አላት። ያለ አፈር እንጀራ የለም፤ ገባች።

ክረምቱ ሳይወጣ ብሩ ለመስከረም ሁለት በዓል የሚታይ አርባ እንስራ አዘዘ። በተሠሩ በሳምንቱ ባየች አንዱን አንኳኳች።

«ሆዱ እርጥብ ነው። በክረምት ሸክላ ወር ሳይደርቅ አይተኮስም።»

«አብዮቱ ያንቺን ጭቃ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም! ነገ ይተኮስ!»

በማግስቱ እንስራዎቹ እሳት ውስጥ እንደ ጥይት ተንጣጡ። እሳት ከገቡት አንድም አልተረፈ። ብሩ ስብሰባ ጠራ።

«አሻጥር ነው! ዓይኗን ጥላበት ነው! ከዛሬ ጀምሮ ጉድጓዱ አጠገብ እንዳትደርስ!»

«ቡዳ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ባየች ተነስታ ወጣች። ከቤቷ ቆጥ ላይ ወር የደረቀ እንስራ፣ ከማኅበሩ መጋዘን ደግሞ ሳይተኮስ የቀረ አንድ እንስራ አምጥታ የስብሰባው ቤት ደጃፍ ላይ አስቀመጠች። ጎመን ሻጯ ኩብራ ጠጋ ብላ ሁለቱንም አንኳኳች።

«ወላሂ፣ ይቺኛዋ ታማለች!» አለች የማኅበሩን እያሳየች። ሰዉ ሳቀ።

ባየች ሁለቱንም አንድ እሳት ውስጥ ከተተቻቸው። የማኅበሩ ወዲያው ፈነዳ። የሷ ወደ ማታ ቀልቶ ወጣ።

ብሩ ላቡን ጠረገ። «ይሁን፣ ጉድጓዱን ቆፍሪ። አባሎቹን ግን ታስተምሪያለሽ።»

እሳቱ ጉሮሮዋን አድርቆት ስለነበር ውሃ ጠየቀች። አባሎቹ የሚጠጡበት ኩባያ እዚያው ተቀምጦ ሳለ፣ ብሩ ለሷ ብቻ የተለየውን ዝገታም ጣሳ በእግሩ ገፋ አደረገላት። ጣሳውን አነሳችና ውሃውን ፍሙ ላይ ደፋችው።

«ኩባያችሁን እንዳልነካ ትፈራላችሁ፤ ሙያዬን ግን ልትወስዱ? ጉድጓዱንም ብሉት!»

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሩቁ የበደሳ መንገድ ዳር አፈር በጀርባዋ ተሸከመች። ጀርባዋም ጎበጠ። በ1983 ማኅበሩ ሲፈርስ ጉድጓዱ ውሃ አቁሮ የእንቁራሪት መኖሪያ ሆኖ ነበር።

በዚያው ዓመት በአንድ የገበያ ቀን ብሩ መጥቶ ከእንስራዎቿ አንዱን አንኳኳ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር።

«ስንት ነው?»

«ላንተ አይሸጥም» አለችና እንስራውን ወደ ራሷ ሳበችው።