የመኪናው አፍንጫ

አባቴ መኪናውን ሲሰጡኝ መረቁኝ እንጂ አላስጠነቀቁኝም። አሮጌ ፒካፕ ነው። ኪሎ ሜትር የሚቆጥረው ከቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ከመቆሙ በፊትም አንድ ጊዜ ሞልቶ ከዜሮ ጀምሯል ይላሉ። ከኮፈኑ ጎን ተነሥቶ እስከ ጣራው የሚደርስ የብረት ቱቦ ነበረው፤ ሞተሩ አየር የሚስበው በእሱ ነው። አባቴ ራሳቸው ከውሃ ቧንቧ ቆርጠው ያስበየዱት ነው። የቁሐር ሚካኤል ሰው ሁሉ «አፍንጫው» ይለው ነበር።

ቱቦው ለጌጥ አልተሠራም። ክረምት ሲገባ የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል፤ ለሩዙ ደግ ነው፣ ለመንገዱ ግን አይደለም። እኔ የምኖረው ወረታ ነው፣ አባቴ ደግሞ ቁሐር። መንገዱ ሲሸፈን በሽተኛና ምጥ የያዛት ሴት የሚያወጣው ያ መኪና ብቻ ነበር፤ ውሃው ወገብ ቢደርስ እንኳ አፍንጫው ከላይ ስለሚተነፍስ አይታፈንም። አባቴ ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ ክረምት በመጣ ቁጥር ሰው አመላለሱ። ቁልፉን ለእኔ ሲሰጡ ጥሪውም አብሮ ወደ እኔ ዞረ።

ከዚያ ወዲያ ሐምሌና ነሐሴ የእኔ አልነበሩም። ምሳ ላይ ይደወላል። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ይደወላል። የልጄ ክርስትና ዕለት እንግዳ ትቼ ሄጃለሁ። አልሄድም እንዳልል የሰው ነፍስ ነው፤ መኪናውን እንዳልሸጥ የአባቴ ነው። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባላል። ሰዎቹ «እግዜር ይስጥልን» ሲሉኝ ፈገግ እላለሁ። ጠልቻቸው ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

እኔ የምፈልገው ዳገት ነበር። እንደ ሌሎቹ ሾፌሮች ሩዝ ጭኜ ደብረ ታቦር ልወጣ፣ እዚያ ላድር፣ ከዚህ ሜዳ ልርቅ። መኪናው ግን አቅም የለውም። ከዓለም በር በላይ ያለውን አቀበት ጭነት ይዞ ሲጀምር፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው «እንደምን ዋልህ» ብሎኝ አልፎኝ ይሄዳል።

ወረታ ያለ አንድ መካኒክ መፍትሔውን ነገረኝ። ከተጋጨ መኪና የተፈታ ቱርቦ ነበረው። ቱርቦ በሞተሩ ጭስ ጉልበት እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ ለሞተሩ የሚያጎርስ ነገር ነው። መካኒኩ መጀመሪያ የሞተሩን ዘይት ክዳን ከፍቶ በሚወጣው ጭስ ላይ መዳፉን ዘረጋና ጥቂት ቆየ።

«ሽማግሌ ነው» አለኝ። «በልኩ ካጎረስነው ይችላል፤ ካስገደድነው ይፈነዳል።»

አራት ቀን ፈጀበት። ለቱርቦው የዘይት መስመር ከሞተሩ አወጣለት፣ ጭስ ማውጫውን ቆርጦ እንደገና በየደው፣ የናፍጣ ፓምፑን በጥቂቱ ከፈተው። በመጨረሻ አፍንጫው ላይ ደረሰና ቆመ።

«ይህ ቱቦ ጠባብ ነው፤ ቱርቦው ብዙ አየር ይፈልጋል። ሰፊ ቱቦ አስበይደን እንመልሰው፣ ሌላ ሳምንት ስጠኝ። አይ ካልህ አየር የሚያስገባውን ፊልትሮ ዝቅ አድርጌ ከፊት መብራቱ ኋላ ላስረው። ግን ክረምት ላይ ምን ልትሆን ነው?»

«ዝቅ አድርገው» አልሁት።

የቸኮልሁ አስመስዬ ነው የተናገርሁት። ችኮላ አልነበረም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። አፍንጫው ተፈትቶ ጋራዡ ጥግ ሲጣል፣ ከእንግዲህ ማንም አይጠራኝም ብዬ አሰብሁ። መኪናው አይችልም እላለሁ፣ እውነትም አይችልም። የእምቢታ ኃጢአቱ የእኔ ሳይሆን የብረቱ ይሆናል።

በጋውን እንደ ሰው ኖርሁ። ቱርቦው እያፏጨ፣ አሥራ ሁለት ኩንታል ጭኜ በሦስተኛ ማርሽ ዳገቱን ወጣሁት። አንድ ቀን አቀበቱ ራስ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሜዳውን አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ።

በዚያ ክረምት የመጀመሪያው ጥሪ የአባቴ ሆነ። የደወለው ጎረቤታቸው ነበር፤ እግራቸው አብጦ ትኩሳቱ አላስቀምጥ ብሏቸዋል።

ጧት መንገዱ የሚሰምጥበት ስደርስ ሰዎቹ ቀድመውኝ ቆመዋል። በእኛ አገር መንገድ በውሃ ሲጠፋ ገበሬዎቹ በግራና በቀኝ ጠርዙ ላይ በሁለት ረድፍ ይቆማሉ፤ መኪናው በመካከላቸው ሲሄድ ጎርፉ ከቆፈረው ቦይ አይገባም። እያንዳንዱ በትሩን ይዞ ጥልቀቱን ይለካል። በትሩን ሽቅብ ካቆመ እለፍ ማለት ነው፤ ካጋደመ ተመለስ። ውሃው ከጭናቸው በላይ ነበር፤ ሁሉም በትራቸውን አቁመው ነበር። የሚለኩት በሚያውቁት መኪና፣ ባለ አፍንጫው ነው። ዓይናቸው ውሃው ላይ ስለነበር አፍንጫው አለመኖሩን ገና አላዩም።

ወርጄ «መኪናው ከእንግዲህ ይህን አይችልም» ማለት ነበረብኝ። በጋውን ሙሉ ያዘጋጀኋት ቃል ነበረች። አልወጣችም። ሃያ ሰው ለአባቴ ብሎ ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ ምን ብዬ እመለሳለሁ? ይሉኝታ ያዘኝ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ገባሁ።

ግማሹን ሄድሁ። የመኪናው ፊት የገፋው ውሃ ተነሥቶ መብራቱን ሸፈነው፣ ፊልትሮውም ውሃ ጠጣ። ሞተሩ አንድ ጊዜ እንደ መዶሻ መታና ቆመ።

ውሃው ከእግሬ ሥር እየገባ መቀመጫው ደረሰ። ሰዎቹ ከግራም ከቀኝም በትራቸውን እንደያዙ ያዩኛል። ከፊትም ከኋላም መንገድ የለም። በሩ ይከፈት ነበር፤ ያልከፈትሁት እኔ ነኝ። መሪውን እንደያዝሁ፣ የሚሄድ መኪና እንደሚነዳ ሰው፣ ተቀመጥሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ጥቂት ቆይቶ ረድፉ ፈረሰ። ሰዎቹ ወደ መንደሩ ሄደው አባቴን በቃሬዛ ይዘው መጡ፤ አራቱ ትከሻቸው ላይ አድርገዋቸው ሌሎቹ በዙሪያ ውሃውን እየለኩ። መስኮቴ ጋ ሲደርሱ አባቴ «ቁሙ» አሏቸው።

አንገታቸውን ቀና አድርገው ኮፈኑን አዩት።

«ምነው ልጄ፣ አፍንጫውን የት ጣልኸው?»

«መካኒኩ ነው ያነሣው አባየ» አልሁ።

«መካኒኩ የቁሐርን ውሃ አያውቅም» አሉ። «አንተ ግን ታውቃለህ።»

ቃሬዛውን የያዙት አራቱም ሰሙ። ከዚያ ይዘዋቸው ሄዱ፤ ከውሃው ማዶ ባጃጅ ተገኘና ሐኪም ቤት አደረሳቸው። እግራቸው ተረፈ። አሁን ወረታ እኔ ጋ ናቸው፣ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ያን ነገር ዳግመኛ አላነሡትም።

መኪናውን በሬ ስቦ አወጣው። በሞተሩ ውስጥ ውሃው ያጠፈውን የፒስተን ዘንግ፣ ቢየላውን፣ አስለወጥሁ፤ መካኒኩ ያለኝን ሰፊ ቱቦም አስበይጄ እስከ ጣራው አወጣሁት። አሁን ቱርቦም አፍንጫም አለው፤ ዳገት ይወጣል፣ ውሃ ይሻገራል። ክረምት ሲገባ ስልኬን ከእጄ አልለይም። አይጮኽም።

ዘንድሮ ነሐሴ ሳልጠራ ሄድሁ። መንገዱ ከሚሰምጥበት አጠገብ መኪናውን አቁሜ ወጥቼ ቆምሁ። ከማዶ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው መጡ፣ ከላዩ ሴት ተኝታለች። ውሃው እስከ ወገባቸው ነው። እኔ ጋ ሲደርሱ በደንብ ሰላም አሉኝ፤ ስለ አባቴም ጠየቁኝ።

«ምነው ሳትደውሉልኝ?» አልሁ። «መኪናው እኮ ደኅና ሆኗል።»

ከፊት የያዙት ሽማግሌ ቱቦውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሰይ፣ እንኳን ደኅና ሆነልህ። አንተን እንዳናስቸግር ብለን ነው ልጄ፤ ሥራ ይበዛብሃል።» ቁጣ የለባቸውም። ትከሻቸውን አመቻችተው አለፉ።

ቤት ስገባ አባቴ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ክረምት ክረምት ሁልጊዜ የሚጠይቁኝን ጠየቁኝ።

«ዛሬስ ማን ጠራህ?»

«ማንም አባየ። ዘንድሮ ውሃው ቀለል ብሏል።»

ዝናቡ የጣራውን ቆርቆሮ እየደበደበው ነበር። አባቴ ወደ ላይ ቀና ብለው አዳመጡትና ምርኩዛቸውን አንሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።