የዘይነባ ቀሪቦ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ባምቢስ አጠገብ ካለ ሱቅ የብቅል መጠጥ ገዝቶልኝ መጣና ገና ክዳኑን ሲከፍተው የተቆላ ገብስ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ እኔም ሳላስበው ካዛንቺስ፣ ከዘይነባ ጋር እንጋራት ወደነበረችው ጠባብ ግቢ ተመለስኩ።

ዘይነባ ቡልጋሪያ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ የስልጤ ነጋዴ ሚስት ነበረች፤ እኔ ደግሞ ለማኅበርና ለሠርግ ጠላ በመጥመቅ በሰፈሩ የታወቅኩ ነበርኩ። በዘጠናዎቹ ውስጥ ሁለተኛ ልጇን ሰሚራን ልትድር ስትል ቀሪቦውን አብሬያት እንዳዘጋጅ ለመነችኝ። ቀሪቦ ጠቁሮ ከተቆላ ገብስ ተፈልቶ፣ ስኳርና እርሾ ገብቶበት የሚጠጣ፣ የማያሰክር መጠጥ ነው፤ ጭንቁ ጠርሙስ ውስጥ ታሽጎ ጋዝ ሲይዝ ነው። ቶሎ ከከፈቱት ስኳር የገባበት ውሃ ነው፤ ካዘገዩት ጠላ ሆኖ ያርፈዋል። በትልቋ ልጇ ሠርግ ጊዜው አልፎ ጠላ የሆነ ቀሪቦ ቀርቦ፣ አንድ ሽማግሌ አንድ ጉንጭ ቀምሰው ብርጭቆውን አስቀመጡና ዘመዶቻቸውን አስከትለው ወጡ። ዘይነባ ያን ቀን ዳግም ማየት አልፈለገችም። በዕድሜዋ ጠላ ቀምሳ ስለማታውቅ ምላሷ አይለይላትም፤ የእኔ ምላስ ግን ከዚያ ሌላ ሥራ አልነበረውም።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ቀሪቦውን አጥልለን፣ በታጠቡ የውሃ ፕላስቲኮች ከአፋቸው ትንሽ አጉድለን ሞላን፤ በየጠርሙሱ ጥቂት ስኳር ጨመርንና ክዳኑን አጥብቀን ሙቀት ባለበት ጥግ ደረደርናቸው። ዓርብ ጠዋት እየዞርኩ በአውራ ጣቴ እጫናቸው ጀመር። ፕላስቲኩ ከሰመጠ ገና ነው፤ እንደ ተነፋ ኳስ ጣትን መልሶ ሲገፋ ደርሷል። ረፋዱ ላይ ገፋኝ። መፍላቱ እንዲገታ ሁሉንም ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ በርሜል ነከርናቸው።

«ደርሷል፣ አቅርቢው» አልኳት።

«ቅመሺዋ።»

«ሁዳዴ ነው እኮ ዘይነባ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውሃም አልቀምስ። ደግሞ እጄ አይስትም።»

«እጅሽንስ አምነዋለሁ፤ ሽማግሌዎቹ የሚጠጡት ግን በአፍ ነው።»

እንግዶቹ ከጁምዓ ሶላት መጥተው ድንኳኑን ሞሉት። ምግቡ ቀረበ፤ ከውሃ በቀር የሚጠጣ አልነበረም። እኔ በርሜሉ አጠገብ ቆሜ አንዴ ሰዓቴን፣ አንዴ የዘይነባን ፊት አያለሁ። በመጨረሻ የሙሽራው አባት፣ ወግ የሚያውቁ ሐጂ፣ «ይሄ ቀሪቦ ከቡታጅራ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» አሉ።

«ጎረቤቴ ጾማ ነው ሐጂ» አለች ዘይነባ፣ ሰው ሁሉ እየሰማት። «እሷ ሳትቀምስልኝ ለእርስዎ አልሰጥም።»

ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። «እንግዲያው እስክትፈታ እኛም ጾመናላ» አሉና ከጎናቸው የተቀመጠውን ሰው ሰዓት ስንት እንደሆነ ጠየቁት። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ በሙሉ የእኔን ጾም ይቆጥር ጀመር።

ዘጠኝ ሲሆን አማተብኩና አንዱን ከፈትኩ። ተነፈሰ፤ አረፋው እስከ አንገቱ ወጥቶ ቆመ። ምላሴን ወጋ ወጋ አደረገኝ፤ ጣፋጭ ነበር፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ መጣጣ፤ ጉሮሮ የሚያሞቅ ነገር ግን አልነበረውም። «ይጠጣ» አልኩ። ሐጂ አንዱን ጨርሰው ብርጭቋቸውን እንደገና ዘረጉ፤ ዘይነባም ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች።

ሰፈራችን ሲፈርስ እሷ ወደ ልጇ ቤት፣ እኔ ወደ ኮንዶሚኒየም ሄድን። አሁን በደረጃው ላይ ከማገኛቸው ጎረቤቶቼ ጋር ሰላምታችን መልካም ነው፤ ክፉ አላየሁባቸውም። ጾሜ በስንት ሰዓት እንደሚፈታ ግን አንዳቸውም አያውቁም፤ እኔም የእነሱን ጠይቄ አላውቅም።