ጣቱ ያልረሳው የጋሽ ጉታ ታሪክ

መዝገቡ ጦር ኃይሎች፣ ከታክሲ መያዣው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ለሰው ሲጽፍ የኖረ ነው። ማመልከቻ፣ የዕድር ደንብ፣ የሠርግ መጥሪያ፤ እሱ ያልጻፈለት የኮልፌ ሰው የለም። ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይላል። «እኔ ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ነገር አይጠፋም» ማለትም ይወዳል።

ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ ዋጋነሽ ከአስኮ መጡ። ሟች ባላቸው ጋሽ ጉታ ከሃያ ዓመት በፊት የሕይወት ታሪካቸውን ያስጻፉት መዝገቡን ነበር። «ስሞት ታነቢዋለሽ» ብለው የቆለፉበትን ወረቀት ግን የጣሪያ ፍሳሽ ቀድሞ አበላሸው። ቅዳሜ ሙት ዓመታቸው ነው፤ ልጆቹ ፊት መነበብ አለበት።

«አለ!» ብሎ መዝገቡ ፋይሉን ከፈተ። የወጣው ዶላር፣ ኮከብና የፈረንጅ ፊደል የተደበላለቀበት ጉድ ነው። ፋይሉን በአማርኛ ያሳይ የነበረው የግዕዝ ፕሮግራም ከድሮው ኮምፒውተር ጋር አብሮ ሞቷል።

«ጉታ እንዲህ አይናገርም» አሉ ዋጋነሽ። መዝገቡ ከልቡ አፈረ።

ኮምፒውተር ጠጋኟ ጎረቤቱ ሌሊሴ ተጠራች። ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍታ፣ የድሮውን ፊደል ወደ አዲሱ የሚቀይር አንድ መስመር ትዕዛዝ ጻፈች፤ ኮምፒውተሩ የጥያቄ ምልክት ብቻ ዘረገፈላት።

«ጋሽ መዝገቡ፣ ትዕዛዙ ይህን አጻጻፍ አያውቀውም። ፋይሉ ውስጥ ያለው ያኔ ሲጽፉ የነኩት የኪቦርድ ቁልፍ ነው። ለየትኛው ፊደል የቱን እንደሚነኩ ያስታውሳሉ?»

«አላስታውስም» ሊል አፉን ሲከፍት ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ። «ጻፊ! ዶላሯ ‹ጉ› ናት። ኮከቧ ‹ታ›።» ዓይኑን ጨፍኖ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል አስጻፋት። አሥራ አንዱን ተሳሳተ፤ እሱንም በጠረጴዛው አሳበበ።

ሌሊሴ የተሳሳተውን ከቃላቱ እያየች አርማ፣ ዝርዝሩን ጨምራ ትዕዛዙን ደገመችው። አማርኛው ጥርት ብሎ ወጣ። ዋጋነሽ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ድምፃቸው ቀነሰ።

«ለዋጋነሽ ሽማግሌ የላክሁት ሦስት ጊዜ ነው። ሁለቴ አባቷ መልሰውብኛል። በአባቷ እንዳታዝን ብዬ አልነገርኳትም።»

ዋጋነሽ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዕድሜውን ሙሉ ‹ዘግይተህ ነው የጠየቅኸኝ› እያልኩ ስጨቀጭቀው ኖርኩ።» ወደ መዝገቡ ዞሩ። «አንተ ታውቅ ነበር?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ፣ እትዬ። አደራ አሉኝ።»

ያ ሁሉ ወሬው የት እንደገባ እንጃ፤ ማተሚያው ላይ ወረቀት መደርደር ጀመረ።

ዋጋነሽ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «በትልልቅ ፊደል አትምልኝ» አሉት። «ቅዳሜ ይህቺን ገጽ ሌላ ማንም አያነባትም። እኔው ነኝ የማነባት።»