የኮምቢዋ መሪና ሦስቱ ሽማግሌዎች

ረቡዕ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ሰበታ

ገና ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የአየር ጤናው ሚኒባስ እስኪሞላ መቀመጥ አቅቶኝ ሁለት ጊዜ ወርጄ ሁለት ጊዜ ገባሁ። ረዳቱ ሰለቸው።

"እህት፣ ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?"

እሄዳለሁ። ጭኔ ላይ የያዝኩት ከረጢት ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ግራሶ የጠጣ፣ የሕፃን ልጅ ያህል የሚከብድ ብረት አለ። የኮምቢያችን የመሪ ሳጥን ነው። መሪውን ስናዞር ጎማዎቹን የሚያዞራቸው እሱ ነው። ጥርሱ መሃሉ ላይ ስለተበላ መሪው ሩብ ዙር በባዶ ይሄዳል፤ ጎማዎቹ ወሬውንም አልሰሙ።

ኮምቢዋ፣ ያቺ የድሮ ትንሽ አውቶቡስ፣ የአባቴ የወርቁ ናት። ከሰበታ ተጂ ገበያተኛ እያመላለሰ ያሳደገን በእሷ ነው፤ እኔንም መንዳት ያስተማረኝ በእሷ ነው። አምና ሲያርፍ ለታላቅ ወንድሜ ለደረጀና ለእኔ ቀረች። ደረጀ ግቢያችን ውስጥ እሷ የምትቆምበት ቦታ ላይ ሱቅ መሥራት ይፈልጋል። እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አይደለም፣ ሦስት ልጆች አሉት።

"ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ቆራሌው ይመጣል" አለኝ። "እስከዚያ ቀጥ ብላ ከተነዳች ያንቺ ናት፣ ሁለተኛ አላነሳብሽም። ካልተነዳች በኪሎ ትሸጣለች።"

በኪሎ! እንደ ሽንኩርት።

አሁን ያለችው መካኒካችን ቶላ ጋራዥ ውስጥ ነው። ትናንት ሳጥኑን ፈትቶ ሲያሳየኝ "በቃ በይደውና ገላግለኝ" ብዬው ነበር። ቶላ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ።

"በር በይኝ፣ ወለል በይኝ፣ እበይዳለሁ። መሪ በይዶ ያስረከበ ሰው ለቅሶ ቤት ምን ብሎ ይቀመጣል? ሂጂና ደህናውን ፈልጊ።"

ረቡዕ ረፋድ፣ ቡራዩ

ከአየር ጤና ሌላ ሚኒባስ፣ ከእሱ ደግሞ ሌላ። በየፌርማታው ቀኝ እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ሹፌሩ የቆመ ሰው ባየ ቁጥር ይቆማል፣ እኔ ሰዓት አያለሁ። አስኮ ላይ ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ጠጠር እያፈሰሰ ይሄዳል። ቡራዩ ስንደርስ መንገድ ዳር ያለች ሴት ቦንቦሊኖ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ቆሜ ጎረስኩት።

ሐጂ ሙደሲር ከአባታቸው የወረሱት የመለዋወጫ ሱቅ አላቸው። ፊት ለፊት የባጃጅ ዕቃ፣ ከጀርባ በኩል ደግሞ ስሙን እንኳ ሰው የረሳው የድሮ መኪና ዕቃ። ከረጢቴን ፈትቼ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉ።

"ይሄ የወርቁ ነው።"

"በምን አወቁ?"

"በዚህ ሁሉ አገር የዚህን ዓይነት ይዞልኝ የሚመጣ ሁለት ሰው ነበር። አንዱ አባትሽ ነው፣ አላህ ይዘንለት። አንዱ የሱሉልታው ኦቦ ነገራ።"

መሰላል ላይ ወጥተው መደርደሪያውን እስከ ጣሪያ በረበሩ። አቧራ እንጂ ሌላ አልወረደም። ወርደው ሻይ አዘዙልኝና ነገሩን ዘርዝረው ነገሩኝ። የኦቦ ነገራ ኮምቢ ሞተሯ ከሞተ ቆይቷል፤ ግቢያቸው ውስጥ ቆማለች፤ መሪዋ ግን ያኔም ደህና ነበር።

"ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ" አሉኝ። "ዛሬ ዕቃ ይገባልኛል። ብቻሽን እንዳትሄጂ።"

"ሐጂ፣ ለምን? ገዝቼ መምጣት አይደል?"

"ያ ሰውዬ ዕቃ አይሸጥም። ነገ አልኩሽ፣ ልጄ።"

እሺ አልኳቸው። እሺ ያለው ግን አፌ ብቻ ነው። ከሱቁ እንደወጣሁ እግሬ ቀጥታ ወደ አዲሱ ገበያ ሚኒባስ ወሰደኝ።

ረቡዕ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ሱሉልታ

የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ ሚኒባሱ እያቃሰተ፣ ባሕር ዛፉ ግራና ቀኝ እያለፈ፣ በመስኮቱ ክፍተት ብርድ ይገባል። ሹፌሩ ጠጉሩ የሸበተ፣ ሬዲዮ የማይከፍት ሰው ነው። ኦቦ ነገራን ሳነሳበት "የወተቱ ኦቦ ነገራ!" አለና ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በሩ ድረስ ጠቆመኝ። ዕድሜ ልካቸውን በዚያች ኮምቢ ወተት አዲስ አበባ ሲያወርዱ ኖረዋል አሉ።

በሩ ገርበብ ብሏል። አየኋት። ሰማያዊና ነጭ፣ የእኛዋ መንትያ፣ ፊቷ ድንጋይ ላይ ተሰቅሎ፣ ኋላዋ ሣር ውስጥ ሰምጦ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ወደ በሩ መጡ።

"አካም ኦልተ?" አሉኝ፣ እንዴት ዋልሽ ማለታቸው ነው።

"ነጋ፣ ነጋ" አልኳቸው፣ ሰላም ነው ለማለት። "አባት፣ የኮምቢዋን የመሪ ሳጥን ፈልጌ ነው። ስንት ይሉኛል? የጠሩትን እከፍላለሁ፣ ዛሬውኑ።"

ሽማግሌው የሰላምታቸውን ቀሪ አፋቸው ውስጥ እንደያዙ አዩኝ። ቤቱ ሰላም ነው ወይ፣ ከብቱ፣ ልጁ፣ አዝመራው፣ ገና ምኑም አልተጠየቀም።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለት ነው፣ "ይሄ ቤት ሱቅ አይደለም።"

በሩን ዘጉት። ቢያላትሙት ይሻለኝ ነበር፤ ቀስ ብለው፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው ነው የዘጉት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አልቀረልኝም። እስከ ሰበታ ድረስ ሦስት ሚኒባስ ውስጥ ፊቴ እንደተቃጠለ ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ከቡራዩ ሱሉልታ

ሐጂ ሲሰሙ አልጮኹም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

"በር ላይ ቆመሽ ዋጋ ጠራሽ?"

"ጠራሁ።"

"የወርቁ ልጅ!" ራሳቸውን ነቀነቁ። "አሁን ያለን መንገድ አንድ ነው። ሽማግሌ እንልካለን።"

"ለብረት?"

"ለብረት አይደለም፣ ለሰውየው ነው። ቶላን ጥሪው።"

ቶላ ጋራዡን ቆልፎ፣ የቤተክርስቲያን ጃኬቱን ለብሶ አዲሱ ገበያ ላይ አገኘን። ሽማግሌ ግን ሦስት ነው፤ ሁለት ሰው አቤቱታ እንጂ ሽምግልና አይሆንም አሉ ሐጂ። ሦስተኛውን መንገድ ላይ አገኘነው፤ የትናንቱ ሽበታም ሹፌር ነው። ሱሉልታ ስንደርስ ሐጂ ነገሩን ሲያስረዱት መሪውን ይዞ ትንሽ አሰበና ተሳፋሪውን አራግፎ ሞተሩን አጠፋ።

"ለመሪ ከሆነ እመጣለሁ" አለ።

እኔስ? እኔ አልገባም። ሽማግሌ ሲላክ ልጅቷን የፈለገው ጎረምሳ ቤት እንደማይገባ ሁሉ እኔም ቆርቆሮ አጥሩ ሥር ቀረሁ። ምን ያህል ሰዓት እንደቆየሁ አላስታውስም። ወዲህ ሄድኩ፣ ወዲያ ተመለስኩ። አንድ ውሻ መጥቶ አብሮኝ ሲመላለስ ቆይቶ ደክሞት ተኛ። በቆርቆሮው ሽንቁር ሦስቱ ቆመው ይታዩኛል።

"ተቀመጡ እንጂ!" ይላሉ ኦቦ ነገራ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላሉ ሐጂ።

ከዚያ በኦሮምኛ ረጅም ሰላምታ። የትናንቱ የእኔ ጉድለት ሁሉ፣ ከብቱም አዝመራውም አንድ በአንድ ተጠየቀ። ከዚያ ሐጂ የአባቴን ስም አነሱ፣ እኔን "ጥፋተኛ ልጃችን" አሉኝ፣ ኮምቢዋን ጠሩ። በመጨረሻም ጥያቄውን አቀረቡ። እኔም ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩ።

"ሰምቻለሁ" አሉ ኦቦ ነገራ። "መልሱን የዛሬ ሳምንት ኑና ውሰዱ።"

ሽማግሌ በመጣበት ቀን መልስ አይሰጠውም፣ ወጉ ነው። እያወቅኩትም ቆርቆሮውን በጡጫ ልመታ እጄ ተነስቶ ነበር። ያዳነኝ ቶላ ነው።

"ኦቦ፣ ልጅቷ ሳምንት የላትም። ቅዳሜ ቆራሌ ይመጣባታል።"

ኦቦ ነገራ ዞረው ሰማያዊዋን ኮምቢ አዩ።

"እንግዲያስ ነገ ጧት" አሉ። "እሷም ትግባ።"

ዓርብ፣ ጧት 1 ሰዓት፣ ሱሉልታ

ጉም ነው። ከአስፋልቱ ዳር ሯጮች ሰብሰብ ብለው፣ አፋቸው እንፋሎት እየተፋ ያልፋሉ። ከእነሱ ጋር ብሮጥ ደስ ባለኝ፤ እግሬ አንድ ቦታ አልቆም ብሎኛል። ሽማግሌዎቼ ሦስቱም በሰዓታቸው መጡ፣ ሹፌሩ ክራቫት አድርጓል።

ኦቦ ነገራ ቤት ውስጥ አልነበሩም። ኮምቢዋ ውስጥ፣ መሪው ኋላ ተቀምጠዋል። ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

"አካም ቡልተ?" አሉኝ፣ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው።

ዛሬ አልቸኮልኩም። እንዴት እንዳደሩ፣ ከብቱ እንዴት እንዳደረ፣ ብርዱ እንዴት እንደያዛቸው ጠየቅኩ። መልሰው የእኔን ጠየቁኝ። ከዚያ መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ጧት ጧት እዚህ እቀመጣለሁ። ይሄን ወደ ቀኝ አዞራለሁ፣ ያ ጎማ ይዞራል። ወደ ግራ አዞራለሁ፣ ይዞራል። የትም አልሄድም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ይዞራል። ሳጥኑን ከሰጠሁሽ መሪው እጄ ላይ ባዶውን ይሽከረከራል። ባዶውን የሚሽከረከር ነገር ይዤ ምን ብዬ እቀመጣለሁ?"

አፈርኩ። እኔ ከረቡዕ ጀምሮ ለራሴ ቅዳሜ ብቻ ስሯሯጥ ነበር። ሳላስብበት ከአፌ ወጣ።

"የእኛን እተክልልዎታለሁ።"

"የተበላውን?"

"ለመንገድ አይሆንም" አለ ቶላ ፈጥኖ። "መሃሉ ላይ ትንሽ ባዶ ይሄዳል፣ ዳርና ዳሩ ግን ይነክሳል። ለቆመች መኪና ይበቃል ኦቦ። ዛሬ የእርስዎን ወስጄ እገጥምላታለሁ፣ ነገ የእሷን አጥቤ አመጣለሁ።"

ኦቦ ነገራ እኔን አዩ። "ነገ ለመምጣትሽ ዋስሽ ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ሐጂ።

ቦርሳዬን ልከፍት ስል ሐጂ እጄን በዓይናቸው ያዙት። ቶላ ከኮምቢዋ ሥር ተንፏቆ ገባ። ሲፈታ ሽማግሌው ከመሪው ላይ እጃቸውን አላነሱም ነበር፤ ድንገት ባዶውን ሲዞር ቀስ ብለው ለቀቁት።

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ከሰበታ

ደረጀ እጁን አጣጥፎ ጋራዡ በር ላይ ጠበቀኝ። ቶላ ሳጥኑን ትናንት ከሰዓት ገጥሞ ጨርሷል።

"ግባ" አልኩት።

"የት?"

"ሱሉልታ። ቀጥ ብላ ከተነዳች ብለህ የለ? ይኸው እይ።"

ከጎኔ ተቀመጠ። ቶላ መፍቻዎቹንና የታጠበውን አሮጌ ሳጥን ይዞ ከኋላ ገባ። ዓለም ገና ጥምዝ ላይ ደረጀ የፊት እጀታውን ጨብጦ ነበር፤ መሪውን ነካ ሳደርገው ጎማው ወዲያው ታዘዘኝ፣ ኮምቢዋ መስመሯን ይዛ ዞረች። እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ ወጣናት። ከኋላችን የጥሩንባ ሰልፍ ተሠራ። ሐጂ ሱቃቸውን ትተው አልመጡም፣ ሦስት ጊዜ ግን ደውለው "ደረሳችሁ?" አሉ። ዋስ ናቸውና።

ኦቦ ነገራ ኮምቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው ነበር የጠበቁን። ቶላ ገጥሞ ሲጨርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ሽማግሌው መሪውን ያዙ። ወደ ቀኝ ትንሽ በባዶው ሄደ፣ ከዚያ ነከሰ፤ ድንጋይ ላይ የተሰቀለው ጎማ ዞረ። ወደ ግራ መለሱት። ዓይናቸውን ጨፍነው ደጋገሙት። የተበላ ዕቃ ስለሰጠኋቸው ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

"የእኔ ዳሩ ነበር ትንሽ የላላው" አሉ። "የእንጦጦ ጥምዝ በልቶት ነው። ይሄ መሃሉ ነው የተበላው። የተጂ መንገድ ሜዳ ነው፣ ሹፌር ቀጥ አድርጎ ይዞ ነው የሚውለው። አባታችሁ ስንት ዓመት ሄዶበታል?"

ደረጀ ነው የመለሰው።

"እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ።" ወደ መሪው ጠጋ አለ። "እስቲ እኔም ልያዘው?"

ሽማግሌው ተነሥተው ቦታ ለቀቁለት። ወንድሜ ተቀመጠና መሪውን በሁለት ጣቱ ወዲያና ወዲህ አለው፣ ያቺን ባዶዋን ብቻ፣ ጎማው ሳይነቃነቅ። አባታችን በዕድሜው የበላውን ያህል ብቻ። ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን አይቶ አነሳው፤ ቆራሌው ነው።

"አቤት። የለችም፣ ከሰበታ ወጥታለች። ... አይ፣ አትጠብቀኝ፣ አትሸጥም።"

ስንመለስ ቁልፉን ሲጠይቀኝ ሰጠሁት። እንጦጦን እየወረድን ደረጀ በየጥምዙ መሪውን ቀስ ብሎ ያዞራል። እኔ መስኮቱን ከፍቼ ባሕር ዛፉን አያለሁ፤ ቀኝ እግሬም ዝም ብሎ ተቀምጧል።