በሟች ልጃቸው ፈንታ

የጣሉኝ መገናኛ አካባቢ ካለ የእህል መጋዘን ነው። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን የአየር ኃይል ሰው ሁሉ ሲለቀም፣ እኔንም ቦሌ እህቴ ቤት ምሳ ከቀረበበት አስነስተው ወሰዱኝ። መጋዘኑ የጤፍ አቧራና የሰው ላብ ይሸታል። ወደ ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን በቆርቆሮው ላይ ባለፈ ቁጥር ሁላችንም ቀና እንላለን። ልማድ ነዋ!

አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ ግን ወታደር አልነበሩም። ወሎዬ ናቸው፤ ሾላ ገበያ በርበሬ ይነግዳሉ።

"እርስዎን ደግሞ በምን ያዙዎት?" አልኳቸው።

"በልጄ። እሱ እስኪመጣ አንተ ተቀመጥ አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። ኬንያ ሳይገባ አይቀርም። ወላሂ አያገኙትም!" ብለው ሳቁ። "መሰላል የሚፈራ ልጅ እኮ ነው! ከቆጥ ላይ ጆንያ አውርድ ስለው እግሩ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚወጣው። ሰማይ ምን አወጣው ትላለህ?"

ስሙን ሲነግሩኝ አወቅኩት። ልጁ ጓደኛዬ ነበር፤ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን የኋላ ተኳሽ። ከፈቃድ ሲመለስ ከአባቱ ሱቅ በርበሬ ያመጣልን ነበር። ወደ አውሮፕላኑ የሚያስገባውን መሰላል ዓይኑን ጨፍኖ ሲወጣ እንስቅበታለን። አውሮፕላናቸው ሰሜን ግንባር ተመትቶ የወደቀ ዕለት የምድር ሬዲዮ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ድምፁ ሲቋረጥ ሰምቻለሁ። አለቆቻችን አውሮፕላን ተመታብን ማለት አፍረው፣ ቤተሰቡን "ግዳጅ ላይ ነው" አሏቸው። እንዲያው ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!

ለምርመራ ሲጠሩኝ ለመርማሪው ነገርኩት። "ልጁ ከሞተ ቆይቷል። ሽማግሌውን ልቀቋቸው።"

"ሬሳው የታለ?"

"ከአውሮፕላኑ ጋር ተቃጥሏል።"

"እንግዲያው ሬሳውን ስታመጣ እንለቃቸዋለን።"

ደሜ ፈላ። እንደተናደድኩ ተመልሼ ለሽማግሌው ላፈርጠው ስል፣ አብሮን የታሰረ አንድ ሻምበል ክንዴን ያዘኝ።

"አብደሃል? መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው? ሰው ይሰበሰባል፣ ሲነጋ ይነገራል።"

"የምን ሰው? እዚህ ምን ሰው አለ?"

"እኛስ?" አለኝ።

ጎህ ሲቀድ ሁላችንም ዙሪያቸውን ከበን ተቀመጥን። ሽማግሌው ፊታችንን አንድ በአንድ አዩ። ማንም ሳይናገር ገባቸው።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ። "አብሽሩ" አልናቸው። እንዴት እንደሞተ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ "ፈርቶ ነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

"ፈርቶ ነበር፣ አባባ። ቦታውን ግን አለቀቀም።"

"አዎ፣ እየፈራም ይወጣ ነበር" አሉና አለቀሱ።

ከዚያ ተነስተው፣ ላልተቀበረው ልጃቸው የጀናዛ ሶላት ሊሰግዱ ወደ መካ፣ ወደ ሰሜን ዞረው ቆሙ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከኋላቸው ቆምን። ወዲያው ዘበኛው በሩን በረገደው።

"ቁጭ በሉ! ቆጠራ ነው!"

ማንም አልተቀመጠም።

"ልጄ ሞቶብኝ ነው" አሉት። "ቦምብ ጣይ ላይ ነበር።"

የዘበኛው ፊት ተለዋወጠ። "እናቴን ገበያ በወጣችበት የገደላት ቦምብ ጣይ ነው። ለእሷስ ማን ቆመላት?"

አሁን በሰደፍ ይላቸዋል ብዬ ጠበቅኩ። ሽማግሌው ግን ወደ እሱ ዞሩ።

"ስሟን ንገረኝ፣ ልጄ። ለእሷም ዱዓ አደርጋለሁ።"

ዘበኛው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ስሟን ተናገረ። ጠመንጃውን አንግቶ እስኪጨርሱ በሩ ላይ ቆመ። ሰግደው ሲያበቁ እጃቸውን ዘርግተው የሁለቱንም ስም ጠሩ። "አሚን" አልን፤ የዘበኛው ግን አልተሰማኝም።

ሽማግሌውን ይለቋቸዋል ስል ክረምቱን ሙሉ አቆዩዋቸው። ሲፈቷቸውም "ልጅህ ሲመጣ አሳውቀን" አሏቸው። ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ሰው እንዴት ይህን ያህል አይሰማም?

አሁን ቤቴ ሆኜ ለሙታን ስጸልይ የልጁን ስም አነሳለሁ። ወዲያው የዚያች እናት ስም ተከትሎ ይመጣል። እሱን ብቻ ልጥራ ብዬ ስንቴ ሞክሬያለሁ፤ ጓደኛዬ እሱ ነው፣ እሷን አላውቃትም። አልሆነልኝም።