አባቴ ከኋላዬ

ጭላሎ አናቱን በደመና ሲሸፍን ግራ እግሬ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። ከጣቶቼ ከፍ ብሎ፣ የጫማ ክር በሚታሰርበት ቦታ፣ ቀዝቃዛ ብረት ቀስ ብሎ የሚነካኝ ይመስለኛል። ዛሬ ጠዋትም ጫማዬን ሳስር እንዲያ አደረገኝ። ቁልቁለት ስንወርድ ለምን ወደ ኋላ እንደምቀር ጠይቀሽኝ የለ? እንግዲህ ስሚ።

ዘጠነኛ ክፍልን የጨረስኩበት ሰኔ ነበር። ቤተሰቦቼ አርቦዬ ናቸው፤ እኔ አሰላ፣ አክስቴ ቤት ሆኜ እማር ነበር። ፈተናው ባለቀ ቀን ከኢተያ ስንዴ በአህያ ጭኖ የመጣ ነጋዴ ፈረሱን ከነኮርቻው አጥራችን ላይ አስሮ ገበያ ገባ። ፈትቼ ወጣሁበት። ፈተና ስለጨረስኩ ደስ ብሎኝ ነው ብል ውሸት ነው፤ ዝም ብዬ መቀመጥ ስለማልችል ነው። እስከ ወፍጮ ቤቱ ደህና ሄድን። የወፍጮው ሞተር ሲነሳ ፈረሱ ደነበረ። እኔ ወደ ግራ ወደቅኩ፤ እግሬ ግን ከእርካቡ አልወጣም። ጭቃው ላይ ጥቂት ጎተተኝ። መጀመሪያ የመጣው ሕመሙ አልነበረም፤ ድምፁ ነበር፤ የደረቀ የባቄላ አገዳ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት።

ሆስፒታል ወሰዱኝ። የእግሬ መሐል ላይ ያሉት ትንንሽ አጥንቶች ከቦታቸው ተንሸራተዋል ተባለና በጀሶ ታሰርኩ። ከጎንደር ተመድቦ የመጣ አንድ ድሬሰር፣ ረጅም፣ ሳቅ የማያበዛ ሰው፣ "ስድስት ሳምንት መሬት አትረግጪም" አለኝ።

አክስቴ ለአባቴ አስጻፈች። መልሱ በጭነት መኪና ሹፌር እጅ መጣ። "ፈረስ ልትጋልብ አይደለም የላክኋት። በመስቀል ማግስት እመጣለሁ። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለ ምርኩዝ በእግሯ ከሄደች ትማር። ካልሄደች ይዣት እመለሳለሁ።" አባቴ ተናግሮ የሚያጥፍ ሰው አልነበረም። ታላቅ እህቴን ከስድስተኛ ክፍል ያስወጣት በእንዲህ ያለ አንድ ወረቀት ነው።

ሦስት ሳምንት ቻልኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እየዋለ፣ እኔ ጀሶው ውስጥ በስንዴ አገዳ እያከክሁ። ጎረቤታችን ወጌሻ ነበሩ፤ የግማሹን ከተማ ወለምታ ያሹ ሽማግሌ። አንድ ቀን ገብተው ጀሶውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና፣ "አጥንት በእጅ ነው የሚድነው፤ ጀሶ ለግድግዳ ነው" አሉ። አክስቴ አመነች። አክስቴን አልወቅስም፤ ጀሶውን የቀደዱበትን የዳቦ ቢላ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ከስድስት ሳምንት በሦስት ሳምንት መዳን ይሻላል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

በቅቤ አሹኝ። የዚያ ቅቤ ሽታ እስከ ዛሬ ያስመልሰኛል። ጣቶቼን አንድ በአንድ ሳቡና፣ "ገባ" አሉ። በሦስተኛው ቀን እግሬ እንደ ሊጥ ተነፋ፤ ሆስፒታል መለሱኝ።

"ማን ፈታው?" አለ ድሬሰሩ።

"እኔ።"

"ማን አሸው?"

አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር።

"በይ ከአንድ ጀምሪ" አለኝ። አዲስ ጀሶ፣ ሌላ ስድስት ሳምንት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሲፈታ እግሬ የሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ ቀጭን፣ የገረጣ፣ ቆዳው እየተላጠ የሚረግፍ። ከዚያ ድሬሰሩ ልምምድ አስጀመረኝ። በውስጥ እግሬ ባዶ ጠርሙስ አንከባልላለሁ። ወለል ላይ የተበተነ አተር በእግር ጣቶቼ እየለቀምኩ ጣሳ ውስጥ እከታለሁ። የበሩን መቃን ይዤ በጣቶቼ እነሣለሁ፣ እወርዳለሁ። በቀን ሦስት ጊዜ።

"ጋሼ፣ መቼ ነው የምሄደው?"

"መጀመሪያ አተሩን ልቀሚ።"

"ዶሮ አደረጉኝ እኮ።"

"ዶሮ ትሻላለች። ቢያንስ ጀሶ አትፈታም።"

በመስቀል ዋዜማ እግሬን ተጭኖ ተጭኖ አየና ራሱን ነቀነቀ። ገና ሁለት ሳምንት ይቀርሻል አለኝ። የአባቴን ቃል ነገርኩት። "ተረከዝሽን አስቀድሚ። ሲያምሽ ቁሚ፣ ክብደቱን ወደ ቀኝ ጣይው" አለ።

"ከቆምኩ ያየኛል።"



አባቴ እንዳለው መጣ። ጋቢውን እንደለበሰ፣ ቦቲ ጫማው ላይ የአርቦዬ ጭቃ ደርቆ። እግሬን አልጠየቀኝም፤ አላየውምም። የቀረበለትን ቁርስ በልቶ ተነሣና፣ "ሂጂ፤ እኔ ከኋላ ነኝ" አለ።

ወጣሁ። አየሩ ገና የደመራ አመድ ይሸት ነበር። ተረከዝ፣ መሐል፣ ጣት፤ ተረከዝ፣ መሐል፣ ጣት። የቦቲው ድምፅ ከጀርባዬ፣ ጧ፣ ጧ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ሕመሙ እንደ ምስማር ገባ። ከንፈሬን ነከስኩ። ትምህርት ቤቱ ገና ዳገቱ ላይ ነበር። ዐሥር እርምጃ ብሄድ ነው፣ ከዚያ እወድቃለሁ ብዬ ስቆጥር የቦቲው ድምፅ ቆመ።

ዞር አልኩ። አባቴ አህያ የሚነዱ ሽማግሌ አስቁሞ እጃቸውን ይዟል። "አካም ጅርቱ? ነጋያ?" ልጆቹ ነጋያ፣ ሰላም ናቸው ወይ፣ ከብቱ ነጋያ፣ ዝናቡስ፣ ስንዴውስ እንዴት ያዘ። ሽማግሌው ይመልሳሉ፣ እሱ እንደገና ከልጆቹ ይጀምራል። ክብደቴን ወደ ቀኝ ጣልኩና ተነፈስኩ።

ቀጠልን። ትንሽ ሄደን ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ቆመ። ቀጥሎ ውሃ ከቀዱ ሁለት ሴቶች ጋር። ዳገቱ ሥር ከአንድ ባለሱቅ ጋር፣ እዚያማ ጭራሽ ተቀመጠ። እኔ በልቤ ወሬኛነቱን አመሰግን ነበር። ወሬኛ አለመሆኑን፣ አርቦዬ ላይ ለጎረቤት እንኳ ከአንድ ቃል በላይ እንደማያወጣ፣ በዚያች ሰዓት አላሰብኩትም።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረስን። ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር። አባቴ ወደ ታች፣ ወደ እግሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ።

"ጫማሽ ጠቦሻል። አክስትሽ ሰፋ ያለ ትግዛልሽ" አለና ተመለሰ።

ኅዳር ላይ ዩኒፎርሜን ላስጠብብ ያ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። "አባቴን ከየት ያውቋቸዋል?" አልኩት።

"ኧረ አላውቃቸውም። እናቴን፣ አማቴን፣ የስፌት መኪናዬን ሳይቀር ጠየቁኝ። ከሌላ ሰው ጋር ተምታትቼባቸው ነው ብዬ ሁሉም ደህና ነው አልኳቸው።"

ለገና አርቦዬ ስሄድ አባቴ ደጅ ላይ ተቀምጦ የበሬ ጠፍር ያለሰልስ ነበር።

"አባባ፣ አሰላ ያን ያህል ሰው ያውቃሉ እንዴ?"

ቀና አላለም። "ሰላምታ የእግዜር ነው" አለኝ፣ ጠፍሩን እያሸ።

አጠገቡ ትንሽ ቆምኩ። ሌላ ነገር ልጠይቀው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ በሌላ ቀን ብዬ ገባሁ። በዚያው ዓመት፣ ዐሥረኛን ሳልጨርስ፣ ሞተ።